ስለ ልደት በዓል አከባበር፤ በአያቶቻችን ዘመንና በዛሬው ዘመን



በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የጌታችንን ልደት እናከብራለን። ቀኑ አልተለወጠም፤ የምናከብረውም ጌታ ያው ነው። አከባበራችን ግን እጅግ ተለውጧል። አያቶቻችን ልጆች ሳሉ ያዩት በዓልና ዛሬ በከተማ የምናየው በዓል ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ስማቸው አንድ ባይሆን ኖሮ ዝምድናቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት በሆነ ነበር።

ስለዚህም ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ዘወትር ሲከራከሩ እንሰማለን። አንዱ፦ የጥንቱ ሁሉ ቅዱስ ነበር፣ የዛሬው ሁሉ ከንቱ ነው ይላል። ሌላውም፦ የጥንቱ ድንቁርና ነበር፣ የዛሬው ሥልጣኔ ነው ይላል። ሁለቱም ነገሩን በዕድሜው ይመዝኑታል። ዳሩ ግን አሮጌ መሆን ጽድቅ አይደለም፤ አዲስ መሆንም ጽድቅ አይደለም። ይህች ትንሽ ጽሑፍ ከሁለቱ አንዱን ለመደገፍ አልተጻፈችም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የገዛ ቤቱን በዓል በእግዚአብሔር ቃል እንዲመዝን ለመርዳት ነው እንጂ።

1ኛ፤ የአያቶቻችን በዓል እንዴት እንደ ነበረ

አስቀድመን የጥንቱን እንመልከት። ጥንት ስንል ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በፊትና ከዚያም በኋላ ያለውን ጥቂት ዘመን ማለታችን ነው። ይህም በጎልማሳነት ያለን ሰዎች አያቶች፣ የእናንተም የተማሪዎቹ ቅድመ አያቶች ልጆች የነበሩበት ዘመን ነው።

በደጋው አገር የልደት በዓል የሚጀምረው በበዓሉ ቀን አልነበረም። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያት ጾም ይጾም ነበርና፣ ከአርባ ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ከማዕድ ይርቅ ነበር። ወራቱም የመከር ወራት ነው። ገበሬው እህሉን አጭዶና ከምሮ በአውድማ ላይ በበሬ ያበራያል፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ንጋቱም ውርጭ ነው። እረኞቹ ልጆች በዚህ ጊዜ ከብቶቻቸውን አጨዳው ባለፈበት ማሳ ላይ እየለቀቁ ወደ ጫካ ይገቡና ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት መርጠው ይቈርጡ ነበር። ይህም የገና ዱላ ነው። ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ የተሠራችውን ኳስ አንዳንዱ አገር ሩር፣ አንዳንዱም ጥንግ ይላታል። ሽማግሌዎችም፦ የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ተጫውተዋልና ጨዋታው ከዚያ መጣ እያሉ ለልጆቻቸው ይተርኩ ነበር።

በዋዜማው ሌሊት ሰው ሁሉ በእንዶድ ያጠበውን ነጭ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ካህናቱና ደብተራዎቹ ከበሮና ጸናጽል፣ መቋሚያም ይዘው ሌሊቱን በማሕሌት ያነጉ ነበር። ወደ ላሊበላ መሳለም የተመኘም ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ፣ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ይደርስ ነበር። በዚያም በቤተ ማርያም አንዳንዶቹ ካህናት በዓለቱ አናት ላይ፣ ሌሎቹም ከታች ቆመው እየተቀባበሉ ሲዘምሩ፣ የላይኞቹ በመላእክት፣ የታችኞቹ በሰዎች ይመሰላሉ። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ብዙው ተሳላሚ በመኪናና በአውሮፕላን መምጣቱ ብቻ አዲስ ነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ጾሙን ይፈታ ነበር። ዶሮ ያለው ዶሮውን፣ በግ ያለው በጉን ያርዳል። ብቻውን በሬ ማረድ የማይችል ሰው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ለቅርጫ ይገባል። ሥጋው በየመደቡ ከተደለደለ በኋላ ዕጣ ይጣላልና፣ ባለጠጋው መልካሙን ይምረጥ፣ ድኻውም የተረፈውን ይውሰድ አይባልም ነበር። ከሩቅ መንገድ የመጣ እንግዳ ቢኖር እግሩን ያጥቡታል፤ ስሙንና አገሩንም ሳይጠይቁ ከማዕዱ ያቀርቡታል።

ከቀትር በኋላ ወንዱ ሁሉ ወደ ሰፊው መስክ ይወጣል። ላይኛው ሰፈር በታችኛው ሰፈር ላይ ይሰለፋል፤ ሩሯም በመካከል ትጣላለች። እስኪመሽ ድረስ ይሯሯጣሉ፤ ያሸነፈው ወገን እየፎከረ ይገባል፤ የተሸነፈውም ይሰደባል። በዚህ መስክ ላይ ጌታና ሎሌ አይለይም ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የተባለው ስለዚህ ነው። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢመታ ወይም በግጥም ቢሰድበው፣ ጌታው ስቆ ያልፈው ነበር እንጂ አይቀጣውም።

2ኛ፤ በጥንቱ በዓል የነበረው መልካምና ጉድለት

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ መልካም ነገር እንደ ነበረ ማን ይክዳል? ለበዓሉ ረዥም ዝግጅት ይደረግ ነበር፤ ዝግጅቱም ከገበያ በፊት በጾምና በጸሎት ይጀመር ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ሥጋው በዕጣ ይካፈል ነበር። የድኻ ልጅ ዱላውን ከጫካ ቈርጦ ከባለጠጋው ልጅ ጋር እኩል ይጫወት ነበር፤ ለመጫወት ገንዘብ አያስፈልገውም ነበርና።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። አያቶቻችንን የሚያከብር ሰው በእነርሱ ላይ የሐሰት ምስጋና አይጨምርም። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ጨዋታ በጠላና በአረቄ እየጋለ ማታ ወደ ጠብ የተለወጠበት ቀን ጥቂት አይደለም። በመስክ ላይ የተመታ ሰው ቂሙን ይዞ ወደ ቤቱ የገባበት ጊዜ ነበር። ሕፃናቱም፣ በዓሉ የሕፃን ልደት ሳለ፣ ታላላቆቹ እስኪበሉ ድረስ ኩራዝ ይዘው ቆመው ጉርሻ ይጠብቁ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ከወፍጮው ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ ወጡ ሲሉ፣ ጭስ ሲጠጡ ይውሉ ነበር፤ የመስኩ ደስታም የእነርሱ አልነበረም።

ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ጉድለት ነበረ። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ባላባት ቤት የሰው ልጅ ከዕቃ ጋር ተቆጥሮ ይኖር ነበር። ያ በገና ቀን ከጌታው ጋር የተጋፋው ሰው፣ ታኅሣሥ 30 ቀን ሲነጋ ምን ይሆን ነበር? ዱላውን ጥሎ ወደ ማገዶው፣ ወደ ውኃውና ወደ ፈረሱ ጋጥ ይመለስ ነበር። ጌታውም እንደ ቀድሞው ይቆጣው ነበር። እንዲህ ከሆነ መስኩ ከቤቱ ይልቅ ወንጌልን ሰምቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ሙሉ፦ እኩል ነን ብሎ የተጫወተ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ያንኑ ነገር ከካደ፣ ጨዋታው እውነተኛ፣ ኑሮው ግን ሐሰተኛ መሆኑ ነው።

3ኛ፤ የዛሬው በዓል እንዴት እንደ ሆነ

አሁን ደግሞ ወደ ዛሬው እንመለስ። በአዲስ አበባና በሌሎቹም ከተሞች የበዓሉን መድረስ የሚያስታውቀው ከጾሙ ይልቅ ሱቁ ሆኗል። የፈረንጆቹ ልደት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላልና፣ ሆቴሎቹና ታላላቆቹ ሱቆች ገና ከዚያ በፊት በመብራት ያጌጣሉ። በየመንገዱ ከላስቲክ የተሠራ ዛፍ ይሸጣል። በዛፉም ላይ በረዶ ይመስል ዘንድ ጥጥ ይበተንበታል፤ ይህም የታኅሣሥ ፀሓይ በሚያቃጥልበት አገር ነው። ቀይ ልብስ የለበሰ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌም በሱቅ ደጃፍ ቆሞ ከልጆች ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል።

ሩርና ዱላ ከከተማው መስክ ጋር ጠፍተዋል፤ መስኩ ቤት ተሠርቶበታልና። የገና ጨዋታ በአንዳንድ የገጠር አገር ቀርቷል፤ ከባህል ስፖርቶችም ጋር ተቆጥሮ በውድድር ላይ ይታያል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን፣ ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ጨዋታ ተጫዋች መሆኑን ትቶ ጨዋታ ተመልካች ሆኗል። የአንድ ቤት ሰዎች ፊታቸውን እርስ በርሳቸው አዙረው ይቀመጡ የነበሩት፣ ዛሬ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ከደጅ ወደ ደጅ መሄድ ቀርቶ፣ አንድ ሥዕል በእጅ ስልክ ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይላካል። የተላከለትም ሰው ሳያነበው ለሌላ መቶ ሰው ያስተላልፈዋል።

ከአገር የወጡትስ እንዴት ናቸው? በአሜሪካ አገር በዋሽንግተንና በሌሎቹም ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን በዓሉ ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ይውልባቸዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹም ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አንግተው በማለዳ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። በቤይሩት፣ በሪያድና በዱባይ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ብዙ እኅቶቻችን ደግሞ በዚያ ቀን በባዕድ ማድ ቤት ቆመው የሌላውን ሰው ምግብ ያበስላሉ። የላኩት ገንዘብ ግን እዚህ በግ ይገዛል።

በዛሬውም በዓል መልካም ነገር አለ። ሕፃኑ ከኩራዝ ተሸካሚነት ወጥቶ በማዕድ ተቀምጧል፤ ስጦታም ይቀበላል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች የልደቱን ታሪክ በትርኢት ያሳያሉ፤ ሴት ልጅም መጽሐፉን ከፍታ በሰው ፊት ታነባለች። የወንጌልን ቃል በሚያውቀው ቋንቋ በእጁ ይዞ የሚያነብ ሰው በዝቷል። ይህን ሁሉ ነቢይት ሐና ብታየው እግዚአብሔርን ባመሰገነች ነበር።

ነገር ግን ጉድለቱም ታላቅ ነው። ግንቡ ከፍ ብሏል፤ በሩም ተዘግቷል። ጎረቤት የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ብዙ የቤት አባት ለአንድ ቀን በዓል ሲል ለብዙ ወር ዕዳ ይገባል፤ ይህንም የሚያደርገው ስለ ተራበ አይደለም፤ ከሰው እንዳያንስ ፈርቶ ነው እንጂ። የልጁን ጫማ ከሌላው ልጅ ጫማ፣ የበጉን ቀንድ ከጎረቤቱ በግ ቀንድ ጋር ያስተያያል። ምንም ሳይኖረው በግርግም የተኛውን ጌታ ለማክበር፣ ሰው የሌለውን ተበድሮ ይኩራራልን?

4ኛ፤ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ክፉ ስላለመሆኑ

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፦ ጥፋቱ ሁሉ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው፤ ዛፉን እናቃጥለው፣ ባለ ቀዩንም ልብስ እናባርረው ይል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ነገሩን ማቅለል ነው። ወንጌልን ወደ አክሱም ያመጣው ፍሬምናጦስ ራሱ ከጢሮስ የመጣ እንግዳ ሰው ነበር። አቡ ሩሚ የተረጐመውም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በመጀመሪያ ተጠናቆ የታተመው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም.፣ በባሕር ማዶ ነው። ከውጭ መምጣት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እኛስ ምን ይቀረን ነበር?

በልደት ጊዜ ዛፍን በቤት ማቆም የጀርመን አገር ልማድ ነበር፤ ከዚያም ወደ ሌላው የአውሮፓ አገር፣ በኋላም ወደ ዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ዛፉ በራሱ አይጠቅምም፣ አይጎዳም። ያ ቀይ ልብስ የለበሰው ሽማግሌ ግን ታሪኩ ሊታወቅ ይገባዋል። ስሙ የተወሰደው በ4ኛው መቶ ዓመት በሜራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከኒቆላዎስ ነው፤ ይህም ፍሬምናጦስ የነበረበት ዘመን ነው። ስለ እርሱ የሚተረከው ትውፊት እንዲህ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች ያሉት አንድ ሰው ደህይቶ ልጆቹን የሚድርበት ባጣ ጊዜ፣ ኒቆላዎስ በሌሊት መጥቶ ማንም ሳያየው ወርቅ በቤታቸው ወረወረላቸው። እንግዲህ ልማዱ የት እንደ ተጣመመ ተመልከቱ። እርሱ የሰጠው ለድኾች ነበር፤ የዛሬው ስጦታ ግን ላለው ይሰጣል። እርሱ የሰጠው በስውር ነበር፤ የዛሬው ስጦታ ግን ፎቶግራፍ ካልተነሣበት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ጥፋቱ ልማዱ ከሩቅ መምጣቱ አይደለም፤ ነፍሱን በመንገድ ጥሎ ልብሱ ብቻ መድረሱ ነው።

የእኛም ዱላና ሩር እንደዚሁ ነው። ጨዋታውን ለማስታወስ በሆቴል አዳራሽ ዱላ የሰቀለ ሰው፣ ያ ጌታና ሎሌን አንድ ያደረገ ነገር ከሌለው፣ እንጨት ሰቀለ እንጂ ገናን አላከበረም።

5ኛ፤ ነገሩን የሚያስረዳ ምሳሌ

ይህን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንናገር። አንዲት አሮጊት በዓሉን ከልጃቸው ጋር ለማክበር ከገጠር ወደ ከተማ መጡ እንበል። ልጃቸውም በደስታ ተቀብሎ አዲሱን ቤቱን፣ ያጌጠውን ዛፍና ትልቁን ቴሌቪዥን አሳያቸው። እርሳቸውም ሁሉን አይተው መረቁት። ማታ ወደ ማድ ቤት ገብተው ሳሉ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኙና ምራታቸውን ጠየቋት፦ «ይህች ልጅ እናት የላትምን?»

«አለቻት፣ እማማ፤ አገር ቤት ናት።»

«ታዲያ ለበዓል ምነው አልሄደች?»

«እርሷ ከሄደች ማን ይሠራልናል፣ እማማ? እንግዳም ይመጣብናል። በኋላ፣ ሥራው ሲቀል እንሰዳታለን።»

አሮጊቷ ዝም አሉ። በማግሥቱ ማዕድ ቀረበ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ልጅቷ እጅ አስታጥባ፣ እንጀራ አቅርባ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ያን ጊዜ አሮጊቷ እጃቸውን ከመሶቡ ላይ አንሥተው ልጃቸውን እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ በእኛ ልጅነት በገና ዕለት ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነበረች፤ በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ጥቂት ናት እያልን እናዝን ነበር። እናንተ ግን ተምራችሁ፣ ሠልጥናችሁ፣ ያችን አንዲቱን ቀን እንኳ ወሰዳችሁባት።»

ልጁም ከመቀመጫው ተነሥቶ ልጅቷን ጠራት፤ በእናቱም አጠገብ ስፍራ አደረገላት። ምሳሌው ይህ ነው። የተወደድህ አንባቢ ሆይ፣ በአንተ ቤት ያለችው ልጅ ስሟ ማን ነው? የእናቷስ አገር የት ነው?

6ኛ፤ ልማድ የሚመዘንበት ሚዛን

አሮጌውም አዲሱም ልማድ የሚመዘንበት ሚዛን በእግዚአብሔር ቃል ውስጥ አለ። በኦሪት ዘዳግም 16ኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የበዓልን ሥርዓት በሰጠ ጊዜ፣ በዓሉን ማን ማን እንዲደሰትበት ዘርዝሮ አዘዘ። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ ሎሌና ገረድ፣ ሌዋዊ፣ መጻተኛ፣ አባት የሌለውና መበለት በአንድነት ተቆጥረዋል። ከዚህ ዝርዝር አንዱን በውጭ የሚያስቀር በዓል በእግዚአብሔር ፊት ጎደሎ ነው። በነህምያ መጽሐፍ 8ኛ ምዕራፍም፣ ሕዝቡ በቅዱሱ ቀን ሊበላና ሊጠጣ ሲሄድ፣ ምንም ላላዘጋጁት ዕድል ፈንታቸውን እንዲልክላቸው ታዟል። እንግዲህ መብላትና መጠጣት አልተከለከለም፤ ብቻን መብላት ግን ተነቅፏል።

የልደቱን ታሪክ ራሱን ብንመለከት፣ በሉቃስ ወንጌል 2ኛ ምዕራፍ ሁለት ነገር እናገኛለን። መጀመሪያ፣ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘም። የቤተ ልሔም ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ተብሎ አልተጻፈም፤ ቤታቸው ሞልቶ ነበር እንጂ። ሰውን በክፋት ብቻ ሳይሆን በሙላትም ወደ ውጭ ማስቀረት ይቻላል። ሁለተኛ፣ የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው ሌሊት በሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች ነው። እረኞቹ መንጋቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ለእነርሱ ያ ሌሊት የበዓል ሌሊት አልነበረም። ዛሬም በዚያ ሌሊት በደጃችን እሳት አንድዶ የሚጠብቅ ዘበኛ፣ በሐኪም ቤት በሽተኛ የምታስታምም ነርስ፣ ዳቦ የሚጋግር ሠራተኛ አለ። መልአኩ ዛሬ ቢወርድ ወደ ማን ይሄድ ይመስላችኋል?

ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ፣ ጌታ የባርያን መልክ እንደ ያዘ ያስተምራል። ይህን ያደረገው ለአንድ ቀን ጨዋታ አልነበረም። በማግሥቱ ዱላውን ጥሎ ወደ ጌትነቱ አልተመለሰም። በናዝሬት በእጁ ሥራ ኖረ፤ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ እስከ መስቀልም ሞት ድረስ ታዘዘ። እንግዲህ የልደት በዓል ትርጓሜ ይህ ነው፦ አያቶቻችን በመስክ ላይ በጨዋታ ለአንድ ቀን ያደረጉትን፣ ክርስቶስ በእውነት ለዘላለም አደረገው። ክርስቲያንም የተጠራው የገናን ቀን በዓመቱ ሁሉ ላይ ሊዘረጋው ነው።

7ኛ፤ ለየአንዳንዱ የሚገባ ምክር

የቤት ጌታ ሆይ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት በቤትህ ያሉትን ሠራተኞች ደመወዝ ክፈል። የሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ በግ የሚያርድ ሰው፣ የያዕቆብን መልእክት 5ኛውን ምዕራፍ ቢያነብ ምግቡ በጉሮሮው ይቆማል። ለበዓልም አትበደር። ልጆችህ የሥጋውን ብዛት ይረሱታል፤ በአባታቸው ፊት ላይ ያዩትን የዕዳ ጭንቀት ግን አይረሱም።

እመቤት ሆይ፣ በቤትሽ የምታገለግለው ልጅ ወደ እናቷ መሄድ ብትችል ስደጃት፤ መንገዱ ሩቅ ቢሆን ወይም የማይቻል ቢሆን ከማዕድሽ አስቀምጫት፤ በስልክሽም ከእናቷ ጋር አነጋግሪያት። ሥራውን ወንዶቹም ልጆችሽ ይካፈሉ። የዶሮ ወጡ አንድ ሰዓት ቢዘገይ በዓሉ አይጎድልም።

በዓረብ አገር ዘመድ ያለህ ሆይ፣ ከእኅትህ የመጣውን ገንዘብ ስታወጣ ላቡ የማን እንደ ሆነ አስብ። ከበዓል ወጪ ቀንሰህ ጥቂቱን በስሟ አኑርላት፤ አንድ ቀን ወደ አገሯ ትመለሳለችና። ይልቁንም ደውለህ ምን እንደ ጎደለባት ጠይቃት እንጂ፣ ምን እንደ ጎደለብህ ብቻ አትንገራት።

ተማሪ ሆይ፣ አንተ በሁለት ዘመን መካከል ቆመሃል። አያትህ ወይም ቅድመ አያትህ በሕይወት ካሉ ከአጠገባቸው ተቀመጥና የልጅነታቸውን ገና ጠይቃቸው፤ በደብተርህም ጻፈው። ይህ ታሪክ ሳይጻፍ ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ለመቶ ሰው ከምትልከው ሥዕል ይልቅ ወደ አንድ ብቸኛ ሰው ደጅ በእግርህ ሂድ። በዓሉንም በስካር የሚያከብር ጓደኛ ቢጠራህ፣ ለልደቱ የተጠራው እንግዳ ከራሱ ጠፍቶ ሊገኝ እንደማይገባው ንገረው።

ስለ ቀኑም አትከራከሩ። ታኅሣሥ 16 ቀን የሚያከብረውና ታኅሣሥ 29 ቀን የሚያከብረው የሚለያዩት በዘመን አቆጣጠር ነው። አሥራ ሦስት ቀን ወንድምን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ጾሙን የሚጾምም የማይጾመውን አይንቀፍ፤ የማይጾምም የሚጾመውን አይናቅ። ሁለቱም በምሽቱ ለተራበው ምን እንዳደረጉ ይጠየቃሉ።

8ኛ፤ ለሚያመካኝ ሰው የሚሰጥ መልስ

ምናልባት አንድ አንባቢ፦ ኑሮ ተወድዷል፤ ለራሴ ቤት ሳይበቃኝ በሬን ከፍቼ ማንን ልጠራ? ይል ይሆናል። ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ቃል ከብዙ ቤት የሚሰማ እውነተኛ ቃል ነው፤ አንንቀውምም። ነገር ግን ሰው ሁልጊዜ ካላት ትርፍ ሰጥቶ አያውቅም። የጥንቱ ቅርጫ የተሠራው ለባለጠጎች አልነበረም፤ ባለጠጋው ብቻውን ያርዳልና። ቅርጫ ብቻቸውን የማይችሉ ሰዎች አብረው እንዲችሉ ያወጡት ጥበብ ነው። ዛሬም በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ወይም አምስት ቤተሰቦች በግ በግ ከሚገዙ ይልቅ አንድ ላይ ገዝተው፣ በዕጣ ተካፍለው፣ አንዱን መደብ ምንም ለሌለው ጎረቤት ቢለዩ፣ ወጪያቸው ይቀንሳል፤ ደስታቸውም ይበዛል። ሥጋ የሌለውም ቤት ዳቦና ቡና አያጣም። ሥጋ ያላት ብቸኛ አሮጊት የምትራበው ምግብን ሳይሆን ሰውን ነው።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ ሆይ፣ ከጥንቱ የተከፈተውን በርና የዕጣውን ትክክለኛነት እንውሰድ፤ ስካሩንና ቂሙን እንተው። ከዛሬው ለሕፃናቱ የተሰጠውን ክብርና በእጃችን የገባውን መጽሐፍ እንያዝ፤ ፉክክሩንና ዕዳውን እንተው። ዛፍ ያለው ዛፉን ያብራ፤ ዱላ ያለው ዱላውን ይዞ ይጫወት። ነገር ግን ማዕድ በቀረበ ጊዜ እያንዳንዱ ራሱን ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በውጭ የቀረ ማን ነው? የቀረ ሰው ቢገኝ ተነሥቶ ይጥራው። ታኅሣሥ 30 ቀንም ሲነጋ ይህንኑ ይጠይቅ።

በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ያጣው ጌታ በየቤታችን ስፍራ ያግኝ። ለእርሱ ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።